ስያሜ በስሌት ሲፈተን፦ የአልጀብራና የስታቲስቲክስ መነሻ ጥያቄዎች አፈታት በአማርኛ

መግቢያ

የሙያ ቃላት ሥራ ብዙውን ጊዜ በዝርዝር ይጀመራል። በአንድ ወገን የባዕዱ ቋንቋ ቃል፣ በሌላው ወገን ለእርሱ ይስማማል የተባለው የአማርኛ አቻ ይሰፍራል፤ ከዚያም ባለሙያዎች ተወያይተው ቃሉን ያጸድቁታል ወይም ይጥሉታል። ይህ አሠራር ለብዙ የሙያ ዘርፍ ይበቃ ይሆናል፤ ለሒሳብ ግን አይበቃም። የሒሳብ ቃል በስሌት ሂደት ውስጥ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ቃላት ጋር ተያይዞ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ በዝርዝር ላይ ያማረው ቃል ስሌቱ ሲጀመር ሊያሰናክል፣ ተራ የመሰለው ቃል ደግሞ ሥራውን በሚገባ ሊፈጽም ይችላል።

በዚህ ምክንያት በአሁኑ ጽሑፋችን ከተለመደው ዝርዝር እንወጣና ሁለት የአልጀብራና የስታቲስቲክስ መነሻ ጥያቄዎችን፣ ቀጥሎም ሁለቱን ዘርፎች የሚያገናኝ ሦስተኛ ጥያቄ በአማርኛ ደረጃ በደረጃ እየፈታን፣ በየደረጃው የትኛው ቃል እንደሚያስፈልግና የትኛው ቃል እንደሚያሳስት እንመለከታለን። ስሌቶቹ ቀላል ናቸው፤ ለቋንቋ ሊቃውንትና ለተርጓሚዎች ትምህርት የሚሰጠው በስሌቱ ውስጥ ቃሉ የሚያደርገው ነገር ነው።

ጉዳዩ የቃላት ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላከራከረ ነበር። እንደሚታወቀው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋዎች እንዲሰጥ አድርጓል። በአማርኛ የሚማር ሕፃን የመጀመሪያውን እኩልታ የሚያቆመው በአማርኛ ነው፤ በኋላም ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ይዞት የሚሄደው ፅንሰ ሐሳብ በዚያ ጊዜ በአማርኛ የያዘው ነው። ቃሉ የተሳሳተ ከሆነ ልጁ መደመሩንና ማካፈሉን በትክክል እየሠራ መልሱን ይስታል፤ ስሕተቱም የእርሱ የሒሳብ ድካም ተደርጎ ይቆጠራል። ከዚህ የተነሣ አንድ የሒሳብ ስያሜ መጽደቅ ያለበት ጥያቄ ከተፈታበት በኋላ ነው እንላለን።

1. ቀዳሚው ልምድ፦ ባሕረ ሐሳብ

ስሌትን በስያሜ እየመሩ ደረጃ በደረጃ መሥራት ለአገራችን ሊቃውንት አዲስ ነገር አይደለም። የበዓላትና የአጽዋማት መዋያ የሚወጣበት ባሕረ ሐሳብ የዚህ አሠራር ጥሩ ምሳሌ ነው። የ2016 ዓ.ም.ን ስሌት ብንወስድ አካሄዱ እንደሚከተለው ይሆናል።

በመጀመሪያ 5500 በ2016 ላይ ይደመርና 7516 ይሆናል፤ ይህም ዓመተ ዓለም ይባላል። ቀጥሎ 7516 ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 11 ይተርፋል፤ ትራፊው መደብ ይባላል። ከመደቡ ላይ 1 ሲቀነስ 10 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 110 ይሆንና በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው 20 አበቅቴ ይባላል። እንደዚሁም ወንበሩ በ19 ሲባዛ 190 ይሆንና በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው 10 መጥቅዕ ነው። በመጨረሻም አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ ስሌቱ በራሱ ይመሰክራል።

ከዚህ ለስያሜ ሥራ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛው፣ ሊቃውንቱ ስም ያወጡት ቀጣዩ ደረጃ ለሚፈልገው ውጤት መሆኑ ነው። 110 እና 190 በመንገድ ላይ የተገኙ ቁጥሮች ስለ ሆኑ የተለየ ስም አላስፈለጋቸውም፤ 10 ግን ሁለት ጊዜ ስለሚባዛ «ወንበር» ተባለ። ሁለተኛው፣ ከዕለት ንግግር የተወሰደ ቃል ስፍራው በስሌቱ ውስጥ እስከ ታወቀ ድረስ ሙያዊ ቃል ለመሆን ይችላል። ባሕረ ሐሳብ የሚማር ደቀ መዝሙር ወንበርን ከመቀመጫ ጋር አያምታታም፤ በዚያ የስሌት ደረጃ ላይ ከእርሱ ጋር የሚሻማ ሌላ «ወንበር» የለምና። ችግር የሚመጣው ሁለት ተቀራራቢ ቃላት በአንድ ደረጃ ላይ ለተለያየ ሥራ ሲቆሙ ነው። ይህን ወደ ፊት በስታቲስቲክስ ክፍል እንመለከተዋለን።

2. የአልጀብራ ጥያቄ

«አልጀብራ» የሚለው ስም በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ይሠራ ከነበረው ከአል-ኽዋሪዝሚ መጽሐፍ ርእስ የመጣ ነው። በርእሱ ውስጥ ሁለት የሥራ ስሞች ይገኛሉ፤ «አል-ጀብር» እና «አል-ሙቃበላ»። የመጀመሪያው የጎደለውን መጠገን፣ ወደ ሙሉነቱ መመለስ ማለት ሲሆን፣ በዐረብኛ የተሰበረ አጥንትን ለሚጠግን ሰው ሥራም ያገለግላል። እኛ ወጌሻ የምንለው ሰው ሥራ ማለት ነው። ሁለተኛው ፊት ለፊት አቁሞ ማነጻጸርን፣ በሁለቱም ወገን ያለውን እኩል ነገር ማንሣትን ያመለክታል። አል-ኽዋሪዝሚ ዛሬ እንደምናደርገው በምልክት አልተጠቀመም፤ እኩልታዎቹን ሁሉ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጽፏል። ያልታወቀውንም መጠን ብዙ ጊዜ «ሸይእ» ማለትም «ነገር» ብሎታል። እንግዲህ የዘርፉ ስም ራሱ የአንድ ደረጃ ስም እንደ ነበረ፣ አልጀብራም በቃላት ብቻ ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ።

«የአንዲት እናት ዕድሜ የልጇ ዕድሜ 3 እጥፍ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ ግን የልጇ ዕድሜ 2 እጥፍ ይሆናል። የእናትና የልጅ ዕድሜ ዛሬ ስንት ስንት ነው?»

ደረጃ 1፦ ያልታወቀውን መሰየም። የልጅቱ የዛሬ ዕድሜ «ነ» ይባል። የእናቷ ዕድሜ 3ነ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ዓረፍተ ነገሩን ወደ እኩልታ መለወጥ። ከ12 ዓመት በኋላ እናት 3ነ + 12፣ ልጅ ነ + 12 ይሆናሉ። ስለዚህ፦
3ነ + 12 = 2 × (ነ + 12)

ደረጃ 3፦ ቅንፉን መፍታት።
3ነ + 12 = 2ነ + 24

ደረጃ 4፦ ከሁለቱም ወገን 2ነ መቀነስ።
ነ + 12 = 24

ደረጃ 5፦ ከሁለቱም ወገን 12 መቀነስ።
ነ = 12

ደረጃ 6፦ ማረጋገጥ። ልጅ 12፣ እናት 36 ዓመት ናቸው፤ 36 የ12 ሦስት እጥፍ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ ልጅ 24፣ እናት 48 ይሆናሉ፤ 48 የ24 ሁለት እጥፍ ነው። ፍቹ ትክክል ነው።

በእነዚህ ስድስት ደረጃዎች ውስጥ ለስያሜ ሠራተኛ የሚጠቅሙ አምስት ነጥቦች አሉ።

ሀ) ስለ ፊደሉ። ያልታወቀውን በአማርኛ ፊደል መወከል የሚሻ ጸሐፊ በ«ለ»፣ በ«በ»፣ በ«ከ» ወይም በ«የ» ቢጠቀም ወዲያው ይሰናከላል፤ እነዚህ ፊደላት መስተዋድዶችና የዘርፍ አያያዦች ናቸውና። «12 ለለ ሲካፈል» ወይም «5 በበ ሲባዛ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ሁለት ጊዜ ያስቆማል። የፊደል ገበታውን መጀመሪያ «ሀ»ን መምረጥም ከዝርዝር ቁጥር ጋር ያምታታል። «ነ» ከመስተዋድድ ነጻ ነው፤ «ነገር» ለሚለውም የመጀመሪያ ፊደል ስለ ሆነ ጥንታዊውን ልማድ ያስታውሳል። ሆኖም ኑ፣ ኒ፣ ና እያሉ የአንድን ፊደል ሰባት ቤቶች ለተለያዩ ያልታወቁ መጠኖች መስጠት አይገባም፤ ዓይን በቀላሉ ይስታቸዋል።

ለ) ስለ «እጥፍ»። ቃሉ «አጠፈ» ከሚለው ግሥ ይወጣል። አንድ ጊዜ የታጠፈ ጨርቅ ሁለት ድርብ ስለሚሆን፣ ቁጥር ሳይጨመርበት «እጥፍ» ሲባል ሁለት ጊዜ ማለት ነው። «3 እጥፍ ነው» ሲባልም በ3 መባዛቱ አያከራክርም። ክርክሩ የሚነሣው «በ3 እጥፍ ጨመረ» ሲባል ነው። 100 ብር የነበረ ዋጋ በ3 እጥፍ ጨመረ ቢባል፣ አንዱ አንባቢ 300 ሆነ ብሎ ይረዳል፤ ሌላው የ100 ሦስት እጥፍ በ100 ላይ ተጨመረ ብሎ 400 ይላል። ሁለቱም ሰዋስው አልጣሱም። ስለዚህ ተርጓሚው የመድረሻውን መጠን ሲፈልግ «ወደ 3 እጥፍ ከፍ አለ» ወይም «3 እጥፍ ሆነ» ብሎ እንዲጽፍ እንመክራለን። «ወደ» መድረሻውን፣ «በ» የጭማሪውን መጠን ያመለክታሉ፤ ሥራቸው መለየት አለበት።

ሐ) ስለ «ከ» እና «በ»። በአማርኛ ማወዳደሪያ «ከ» መነሻውን፣ «በ» የልዩነቱን መጠን ይይዛል። «ከአንድ ቁጥር በ5 የሚያንስ» ሲባል ነ − 5 ማለት ነው። «5 ከአንድ ቁጥር ያንሳል» ሲባል ግን 5 < ነ ማለት ይሆናል። የመጀመሪያው ስሌት ነው፤ ሁለተኛው ኢ-እኩልነት ነው። በሁለቱ መካከል የቆመችው ፊደል «በ» ብቻ ናት። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው የባዕዱን ቋንቋ የቃላት ቅደም ተከተል እየተከተለ «ከአንድ ቁጥር 5 ያነሰ» ብሎ ሲጽፍ «በ»ን ይጥላታል፤ አንባቢውም መቀነስ ይሁን ማወዳደር እንደ ተጠየቀ አያውቅም። በአንጻሩ «ከ» እና «በ» በየቦታቸው ከተቀመጡ፣ በአማርኛ የቃላቱ ቅደም ተከተል ቢለዋወጥም ትርጉሙ አይናጋም። «በ5 ከአንድ ቁጥር የሚያንስ» ብንልም ያው ነ − 5 ነው። ይህ የቋንቋችን ብርታት ስለ ሆነ ሊጠበቅ ይገባዋል።

መ) ስለ «እኩልታ» እና «እኩሌታ»። «እኩል» በአማርኛ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው መተካከልን፣ ሁለተኛው ግማሽን ያሳያል፤ «እኩለ ቀን»፣ «እኩለ ሌሊት» የምንለው በሁለተኛው ፍች ነው። ከዚህ የተነሣ ግማሽ የሚል ትርጉም ያለው «እኩሌታ» እና የሒሳቡ «እኩልታ» በአንዲት ፊደል ቤት ብቻ ይለያያሉ። «የእኩልታውን እኩሌታ ውሰድ» የሚል ትእዛዝ በፊደል ለቃሚ እጅ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። «እኩልታ» ሥራውን በሚገባ የሚሠራና የተለመደ ስለ ሆነ መለወጥ አያሻውም። መፍትሔው በሒሳብ ጽሑፍ ውስጥ ለሁለተኛው ትርጉም ሁልጊዜ «ግማሽ» በሚለው ቃል መጠቀም ነው።

ሠ) ስለ «ማሻገር» እና ስለ «ፍች»። ደረጃ 4ን እና ደረጃ 5ን አሳጥሮ «2ነ ወደ ግራ ሲሻገር ምልክቱ ይለወጣል» ብሎ መናገር ይቻላል። አነጋገሩ ለሚያውቅ ሰው አቋራጭ ነው፤ ለጀማሪ ግን ምክንያቱን ይሸፍንበታል። ቁጥሩ ወንዝ እንደ ተሻገረ መንገደኛ ልብሱን ለምን እንደ ለወጠ ልጁ አያውቅም። «ከሁለቱም ወገን እኩል መቀነስ» የሚለው አነጋገር ረዘም ቢልም፣ የሚዛኑ ሁለት ጎን ሳይዛነፍ መቆየቱን ይናገራል፤ የጥንቱም «ሙቃበላ» ይህንኑ ነበር። መዝገበ ቃላት «ማሻገር»ን ቢመዘግብ እንኳ ፍቹን በሁለቱም ወገን በሚደረገው እኩል ሥራ ሊያብራራው ይገባል። ስለ «ፈታ» ደግሞ የምንለው አጭር ነው። አማርኛ ቋጠሮን፣ ሕልምን፣ እንቆቅልሽን በዚሁ ግሥ ይፈታል፤ እኩልታም ታስሮ የቀረበ ነገር ስለ ሆነ ግሡ ተስማሚ ነው። የተገኘውን ዋጋ «ፍች»፣ የተኬደበትን መንገድ «አፈታት» ብሎ መለየት ግን ያስፈልጋል። ከላይ ባለው ጥያቄ 12 ፍች ነው፤ ስድስቱ ደረጃዎች አፈታት ናቸው።

3. ምልክትን ማንበብና ዓረፍተ ነገርን መናገር

ከአልጀብራው ሳንወጣ አንድ የንባብ ጉዳይ እናንሣ። 12 − 5 በትምህርት ቤት «አሥራ ሁለት ሲቀነስ አምስት» ተብሎ ይነበባል። በተራው የአማርኛ ሰዋስው መሠረት ግን «ሲቀነስ» ለሚለው ግሥ ባለቤቱ ከፊቱ ያለው አሥራ ሁለት ነው፤ እንግዲህ የሚቀነሰው አሥራ ሁለት ሊመስል ነው። በሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰው «ከአሥራ ሁለት ላይ አምስት ሲቀነስ» ይላል። በማካፈልም እንዲሁ ነው፤ ምልክቱን ስናነብ «አሥራ ሁለት ሲካፈል ለሦስት»፣ ስንናገር «አሥራ ሁለት ለሦስት ሲካፈል» እንላለን።

አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን በመጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው፤ የሒሳብ ምልክት ግን በሁለት ቁጥሮች መካከል ይቆማል። ትምህርት ቤት ይህን አለመጣጣም ያስታረቀው «ሲደመር»፣ «ሲቀነስ»፣ «ሲባዛ»፣ «ሲካፈል» የሚሉትን ከግሥነት አውጥቶ የምልክት ስም በማድረግ ነው። ሥራው ተሳክቷል፤ ማንም ተማሪ «አሥራ ሁለት ሲቀነስ አምስት» ሲባል ከአምስት ላይ አሥራ ሁለት አይቀንስም። እንግዲህ መዝገበ ቃላት እነዚህን ቃላት በግሡ ሥር ቀብሮ ከመተው ይልቅ «የመቀነስ ምልክት ንባብ» በሚል ራሱን የቻለ ፍች ሊመዘግባቸው ይገባል። ተርጓሚው በበኩሉ በምልክት የተጻፈውን በንባብ ሥርዐት፣ በቃላት የቀረበውን ጥያቄ በሰዋስው ሥርዐት ይጻፍ። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማደባለቅ ከላይ የተናገርነውን የ«ከ» እና የ«በ» ጥቅም ያጠፋል።

4. የስታቲስቲክስ ጥያቄ

«ስታቲስቲክስ» በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጀርመን አገር ስለ መንግሥታት ሁኔታ ለሚደረግ ጥናት የወጣ ስም ነው፤ ከቁጥር ጋር የተጣበቀው ቆይቶ ነው። በእኛም አገር ቃሉ በውሰት ገብቶ የመሥሪያ ቤት ስም እስከ መሆን ደርሷል፤ ሥራው ራሱ ግን በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተካሄዱት የሕዝብና የቤት ቆጠራዎች «ቆጠራ» በሚል የአገር ቃል ተጠርቷል። ይህ የሥራ ክፍፍል መልካም መስሎ ይታየናል። የዘርፉ ስም በውሰት ቢገባ አይጎዳም፤ በየደረጃው የሚሠራው ሥራና የሚገኘው ውጤት ግን ሥራውን በሚናገር የአገር ቃል ቢጠራ ይሻላል።

ጥያቄው ይህ ነው።

«የ7 ቤተ ሰቦች የወር ገቢ በብር ሲመዘገብ 2,800፤ 2,000፤ 20,400፤ 2,500፤ 3,100፤ 2,000፤ 2,200 ሆኖ ተገኘ። የቤተ ሰቦቹን የተለመደ ገቢ የሚያሳየው ቁጥር ስንት ነው?»

ደረጃ 1፦ ቁጥሮቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ መደርደር።
2,000፤ 2,000፤ 2,200፤ 2,500፤ 2,800፤ 3,100፤ 20,400

ደረጃ 2፦ ሁሉንም መደመር። ድምሩ 35,000 ነው።

ደረጃ 3፦ ድምሩን ለቁጥሮቹ ብዛት ማካፈል። 35,000 ለ7 ሲካፈል 5,000 ይደርሳል።

ደረጃ 4፦ በተደረደሩት መካከል የሚቆመውን መፈለግ። በግራው 3፣ በቀኙ 3 ቁጥር ያለው 4ኛው ሲሆን፣ እርሱም 2,500 ነው።

ደረጃ 5፦ ከሁሉ ይልቅ የሚደጋገመውን መፈለግ። 2,000 ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ ሌሎቹ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ናቸው።

እነሆ ለአንድ ጥያቄ ሦስት መልስ ተገኘ፤ 5,000፣ 2,500 እና 2,000። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ስለ ሆኑ ግን የተለያየ ስም ያስፈልጋቸዋል። ስያሜው እዚህ ላይ ከታመመ ስሌቱ ሊያድነው አይችልም።

በደረጃ 3 ለተገኘው «አማካይ» የሚለው ቃል ተለምዷል። ቃሉ ከ«መካከል» ጋር የሥር ዝምድና ስላለው በዕለት ንግግር ስፍራን ያመለክታል፤ «አማካይ ቦታ» ስንል በመሐል የሚገኝ ቦታ ማለታችን ነው፤ በእግር ኳስም አማካይ የሚባለው በተከላካይና በአጥቂ መካከል የሚሰለፈው ተጫዋች ነው። በምሳሌያችን ግን 5,000 በማንም መካከል አይገኝም። ከ7ቱ ቤተ ሰቦች 6ቱ ከዚያ በታች ናቸው። በመካከል የቆመው 2,500 ነው። ስለዚህ «አማካይ»ን በዕለት ትርጉሙ የሚረዳ አንባቢ «የቤተ ሰቦቹ አማካይ ገቢ 5,000 ብር ነው» የሚል ዘገባ ሲያነብ፣ ከቤተ ሰቦቹ ግማሽ ያህሉ ከ5,000 በላይ ያገኛሉ ብሎ ያስባል። ዘገባው አልዋሸም፤ ቃሉ ግን አሳስቶታል።

ታዲያ ለደረጃ 4ቱ ውጤት «መካከለኛ» ቢባልስ? ሥሩ ያው ስለ ሆነ ሁለቱ ቃላት በአንድ ደረጃ ላይ ይሻማሉ፤ በባሕረ ሐሳብ «ወንበር» ያልደረሰበት ችግር እነዚህን ያገኛቸዋል። ከዚህም በላይ «መካከለኛ ገቢ» በኢኮኖሚ ጽሑፍ ሌላ ሥራ ይዟል፤ «መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች» ሲባል በዝቅተኛና በከፍተኛ መካከል ያለ ምድብ ማለት ነው። በአንድ ሪፖርት ውስጥ ሁለቱ ቢገናኙ አንባቢው መለየት አይችልም። «ሚዲያን» የሚለውን ውሰት መያዝ ይቻል ነበር፤ ግን ለአማርኛ አንባቢ ስለ ሥራው ምንም አይነግረውም። እኛ የምንመርጠው «መሐል ከፋይ» የሚለውን ነው። ተደርድሮ የቆመውን መሐል ላይ ለሁለት እኩል ክፍል የሚከፍል ስለ ሆነ፣ ቃሉ የደረጃ 4ን ሥራ በቀጥታ ይናገራል። የቁጥሮቹ ብዛት ሙሉ ሲሆንም ስሙ አይናወጥም። ከላይ ካሉት 20,400ን ብናወጣ 6 ቁጥር ይቀራል፤ በመሐል የሚገኙት 2,200 እና 2,500 ተደምረው ለ2 ሲካፈሉ መሐል ከፋዩ 2,350 ይሆናል።

ይኸው ምሳሌ የሁለቱን ጠባይ ያሳየናል። አንድ ቤተ ሰብ በመውጣቱ መሐል ከፋዩ ከ2,500 ወደ 2,350 ዝቅ ሲል፣ አማካዩ ከ5,000 ወደ 2,433.33 ወረደ። አማካይ በአንድ እጅግ ትልቅ ቁጥር ይሳባል፤ መሐል ከፋይ ብዙም አይነቃነቅም። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራ ቋንቋ ይህን ልዩነት ለማስተማር ዐቅም ያጣል።

ለደረጃ 5 ውጤት «ሞድ» የሚባለው ውሰት በከተማ ንግግር ሌላ ትርጉም ይዞ ስለሚገኝ «ተዘውታሪ» ብንለው ይሻላል። አንድ ቁጥር የሚገኝበት ጊዜ ብዛት ደግሞ «ድግግሞሽ» ይባላል። እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በምሳሌያችን ተዘውታሪው 2,000 ነው፤ ድግግሞሹ 2 ነው። ተማሪው ተዘውታሪውን ሲጠየቅ ድግግሞሹን እንዳይመልስ፣ ሁለቱ ቃላት ከተለያየ ሥር መውጣታቸው ይረዳዋል።

5. ሁለቱ ዘርፎች ሲገናኙ

በመጨረሻ የመረጥናቸው ቃላት በአንድነት ይሠሩ እንደ ሆነ እንፈትናቸው።

«አንዲት ተማሪ በ4 ፈተናዎች ያገኘቻቸው ውጤቶች አማካይ 75 ነው። የ5ቱ ፈተናዎች አማካይ 78 እንዲሆን በ5ኛው ፈተና ስንት ማግኘት አለባት?»

ደረጃ 1፦ የ4ቱን ፈተናዎች ድምር ማግኘት። 75 በ4 ሲባዛ 300 ይሆናል።
ደረጃ 2፦ የ5ኛውን ፈተና ውጤት «ነ» ብሎ እኩልታውን ማቆም።
(300 + ነ) ÷ 5 = 78
ደረጃ 3፦ ሁለቱንም ወገን በ5 ማባዛት።
300 + ነ = 390
ደረጃ 4፦ ከሁለቱም ወገን 300 መቀነስ።
ነ = 90
ደረጃ 5፦ ማረጋገጥ። 300 እና 90 ሲደመሩ 390፤ ለ5 ሲካፈል 78 ይደርሳል።

የጥያቄው ቁልፍ ደረጃ 1 ነው፤ ደረጃ 1 ደግሞ የሚገኘው «አማካይ» ውስጥ ድምር እንዳለ በማወቅ ብቻ ነው። አማካይን የመሐል ስፍራ አድርጎ የያዘ ተማሪ ከ75 ወደ 300 የሚሄድበት መንገድ የለውም። ከ75 እስከ 78 ያለውን 3 አይቶ 81 ብሎ ቢመልስም አንፈርድበትም፤ ቃሉ ያሳየው መንገድ ያን ብቻ ነበርና። ተርጓሚው በስሕተት «መሐል ከፋይ» ብሎ ቢጽፈው ደግሞ ጥያቄው ራሱ ይበላሻል፤ የ4ቱ ውጤቶች መሐል ከፋይ 75 መሆኑን በማወቅ ብቻ 5ኛውን ማግኘት አይቻልም። አንድ ቃል በመለወጡ ፍች ያለው ጥያቄ ፍች አልባ ሆነ ማለት ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው በመነሣት የሚከተሉትን ስያሜዎች ከነፍቻቸው ለውይይት እናቀርባለን።

እኩልታ፦ ሁለት ወገኖቹ እኩል መሆናቸውን የሚናገር የሒሳብ ዓረፍተ ነገር። («እኩሌታ» ከሚለው ይለያል፤ በሒሳብ ጽሑፍ ለዚያ «ግማሽ» ይባል።)
ፍች፦ በያልታወቀው ቦታ ሲገባ እኩልታውን እውነት የሚያደርግ ዋጋ።
አፈታት፦ ወደ ፍቹ የሚያደርሱት ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው።
አማካይ፦ የቁጥሮች ድምር ለብዛታቸው ተካፍሎ የሚገኝ ድርሻ።
መሐል ከፋይ፦ በቅደም ተከተል የተደረደሩ ቁጥሮችን ለሁለት እኩል ብዛት የሚከፍል ዋጋ።
ተዘውታሪ፦ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ዋጋ።
ድግግሞሽ፦ አንድ ዋጋ የሚገኝበት ጊዜ ብዛት።

አንባቢ እንደሚያስተውለው በእነዚህ ፍቾች ውስጥ ሁሉ ሥራው ተጽፏል። «አማካይ»ን ከእንግዲህ መለወጥ ስለማይቻል፣ የዕለት ትርጉሙ የሚያመጣውን ስሕተት የምንከላከለው «ድምር» እና «ብዛት» የሚሉትን ሁለት ቃላት ከፍቹ ባለመለየት ነው። ፍቹን «የመካከል ቁጥር» ብሎ የሚተው መዝገበ ቃላት ተማሪውን ከበሩ መልሶ ይሰደዋል።

ለተርጓሚዎች ያለን ምክር አንድ ነው። የሒሳብ ጽሑፍ ስትተረጉሙ ጥያቄውን በአማርኛው ብቻ ፍቱት፤ የባዕዱን ጽሑፍ ሸፍናችሁ ከመጀመሪያው ደረጃ እስከ ማረጋገጫው ሂዱ። መልሱ ከተስማማ ቃላታችሁ ሥራቸውን ሠርተዋል። ካልተስማማ ደግሞ ቁጥሮቹን ከመፈተሻችሁ በፊት «ከ»ን፣ «በ»ን እና «እጥፍ»ን መርምሩ። ከላይ ባቀረብናቸው ስያሜዎች ላይ የሙያው ሰዎች ተቃውሞም ሆነ የተሻለ አማራጭ ቢኖራቸው በደስታ እንቀበላለን፤ የምንለምነው ከቃሉ ጋር የተፈታ ጥያቄ አብሮ እንዲቀርብ ነው።